ቱቦው ውስጥ ምን ሟሟ? ስለ ቅጠልና ስለ ረጋ ደም

  

ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። በጓሯችን ወይም ከመርቲ ወደ አዋሽ በሚወርደው ቆላ የሚበቅል አንድ ቅጠል የረጋ ደም ያሟሟል ቢባል፣ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ጥያቄውን የመረጥኩት ነገሩ ከሁለት ወገን ስለሚነገረን ነው። በአንድ በኩል «ይህ ቅጠል ደም ያቀጥናል፣ ደም ያጠራል» እየተባለ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በሌላ በኩል ተመራማሪዎች ቅጠል ቀምመው፣ ደም ላይ ሞክረው፣ «ይህን ያህል በመቶ አሟሟ» ብለው ይጽፋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ሕመምተኛ ግን ቁጥሩ ምን እንደሚለው፣ ምንስ እንደማይለው የሚነግረው አያገኝም። የዛሬ ዓላማዬ ይህን ክፍተት በአቅሜ መሙላት ነው።

መጀመሪያ ደም እንዴት እንደሚረጋ በአጭሩ እናገራለሁ። ቀጥሎ የባህል ሐኪሞቻችን ዕውቀት በዚህ ጉዳይ እስከ ምን ድረስ እንደሚመራን እንመለከታለን። ከዚያ ወደ ሙከራው እገባለሁ፤ ረዘም ያለ ጊዜ የምወስደውም እዚያ ነው። በመጨረሻ ከሙከራ ቱቦ እስከ ሰው ስላለው መንገድና ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ስለሚመለከተን ነገር እናገራለሁ።

ደም መርጋቱ ጸጋ ነው። ማጭድ ጣታችንን ሲቆርጠን ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም አርጊዎች ወደ ቁስሉ ተሰብስበው ይጣበቃሉ። በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚኖር ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ትሮምቢን በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ፋይብሪን ክር ይለወጣል። ክሮቹ ተጠላልፈው መረብ ይሠራሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም በመረቡ ተይዘው ይቀራሉ። ቁስሉ እየዳነ ሲመጣ ሰውነት ፕላስሚን በተባለ ሌላ ኢንዛይም ክሮቹን እየቆራረጠ ያጸዳዋል። ፕላስሚን ሳይነቃ ፕላስሚኖጅን ተብሎ ዘወትር በደማችን ውስጥ አለ፤ የሚጠብቀው ቀስቃሽ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትልቅ ቁም ነገር ይሆናል። የረጋ ደም አብዛኛው ክብደቱ በውስጡ የተያዙት ሕዋሳትና ፈሳሽ ናቸው፤ አጥብቆ የያዘው ግን ያ ቀጭን የፋይብሪን ክር ነው።

ጸጋው መቅሠፍት የሚሆነው ደም በማይገባው ቦታ ሲረጋ ነው። የልብን ጡንቻ በሚመግበው ቧንቧ ውስጥ ቢረጋ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያመጣል። በእግር ደም መልስ ውስጥ ረግቶ ቢነቀል ሳንባ ላይ ሄዶ ይወተፋል፤ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የዋለ ሰውና አዲስ የወለደች እናት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። አንጎል ውስጥ ቢረጋ ስትሮክ ነው። ሐኪሞች ይህን የሚከላከሉባቸው መድኃኒቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። እንደ አስፒሪን ያሉት ፕሌትሌቶች እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ፤ እንደ ሄፓሪንና ዋርፋሪን ያሉት አዲስ ደም እንዳይረጋ ይከለክላሉ፤ እንደ ስትሬፕቶኪኔዝና አልቴፕሌዝ ያሉት ብቻ የረጋውን ያሟሟሉ። «ደም ያቀጥናል» የሚለው አነጋገር ሦስቱን ይቀላቅላቸዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሦስተኛው ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ። የባህል ሕክምናችንን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም፤ ሁሉን ያውቃል ከሚሉትም አይደለሁም። የባህል ሐኪም ዕውቀት የተገነባው ዓይን ባየው ላይ ነው። ደም ሲፈስ ይታያል፣ ሲቆምም ይታያል። ስለዚህ ደም የሚያቆም ቅጠል አባቶቻችን በሚገባ ያውቃሉ፤ ጠለንጅን አሽተው የሚደማ ቁስል ላይ ማድረግ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የታወቀ ነው። የኮሶና የመተሬም ነገር እንዲሁ ነው፤ ትሉ ሲወጣ በዓይን ይታያል። በሳንባ ወይም በአንጎል ቧንቧ ውስጥ የረጋን ደም ግን ማንም ሊያይ አይችልም ነበር። አንድ ጎኑ አልታዘዝ ያለውን ሰው «መጋኛ መታው» የሚሉ አሉ፤ ይህ የሚታየውን ምልክት በትክክል ይይዛል፣ ምክንያቱ ግን ከሥሩ ተሰውሯል። እንግዲህ ተመራማሪ ወደ አዋቂው ሄዶ «ደም የሚያሟሙት በየትኛው ቅጠል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተሳሳተ ነው። መጠየቅ ያለበት «የትኛውን ቅጠል ስትሰጥ ሰው ይደማብሃል? የትኛውን ለነፍሰ ጡር ትከለክላለህ? ከብት የትኛውን በልቶ ደም አልቆም ይለዋል?» ብሎ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ እንዲያው አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን ዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ከብቶች በትንሽ ቁስል ደማቸው እየፈሰሰ ያልቁ ነበር። ሻጋታ የያዘው የመኖ ተክል ድርቆሽ ምክንያቱ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሙ ፍራንክ ስኮፊልድ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1933 በዊስኮንሲን አንድ ገበሬ የሞተች ጊደርና በወተት ጣሳ የማይረጋ ደም ይዞ ካርል ፖል ሊንክ ወደሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ቤተ ሙከራ መጣ። የሊንክ ቡድን ለዓመታት ደክሞ በድርቆሹ ውስጥ ዳይኩማሮል የሚባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ ከዚያ ሥራ የመጣው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 መጀመሪያ የአይጥ መግደያ ሆኖ ተሸጠ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሰው መድኃኒት ሆነ። ከዚህ ታሪክ እኔ ሁለት ነገር እይዛለሁ። አንደኛው፣ አርብቶ አደርና ገበሬ ከብቱን እያየ የሚያውቀው ነገር ለሳይንስ መነሻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ በደንብ የደረቀው መኖ ምንም አያደርግም ነበር፤ ገዳዩን ነገር የፈጠረው ሻጋታው ነው። ተክሉ ያው ነው፣ አያያዙ ግን የከብቱን ሞትና ሕይወት ለየ። ስለዚህ «እገሌ ቅጠል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ መቼ ተለቀመ፣ በጥላ ነው በፀሐይ የደረቀው፣ ስንት ቀን ተቀመጠ የሚለው ከስሙ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ሙከራው እንግባ። በየአገሩ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 ከናግፑር ሕንድ የታተመ ነው፤ የተስፋፋውም ብዙ ገንዘብና ውድ መሣሪያ ስለማይጠይቅ ነው። ከፈቃደኛ ጤነኛ ሰው ደም ይቀዳል። አስቀድመው በተመዘኑ ትናንሽ ቱቦዎች ውስጥ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይከፋፈልና በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ 45 ደቂቃ ይቀመጣል። ደሙ ይረጋል፤ ከላይ የቀረው ፈሳሽ በጥንቃቄ ይወጣል፤ ቱቦው እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ የረጋው ደም ክብደት ነው። ከዚያ በአንዱ ቱቦ የቅጠሉ ንጥር፣ በሌላው 30,000 ዩኒት ስትሬፕቶኪኔዝ፣ በሦስተኛው ንጹሕ ውሃ ይጨመራል። ከ90 ደቂቃ በኋላ የወጣው ፈሳሽ ተደፍቶ ሦስቱም ይመዘናሉ። ስንት በመቶ ክብደት ቀነሰ? መልሱ ይኸው ነው። ስትሬፕቶኪኔዝ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ በደንብ ያሟሟል፤ ውሃው የሚያሟሟው ጥቂት ነው፤ ቅጠሉ በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ያርፋል።

ይህን ዘዴ እወደዋለሁ። ሚዛን፣ የሙቀት ሣጥንና ትናንሽ ቱቦዎች ያሉት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሁሉ ሊሠራው ይችላል፤ አዳማ ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አሰላ ባለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አንድ ትጉ የማስተርስ ተማሪ ሊይዘው የሚችል ሥራ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ የሚነግረን ክብደት መቀነሱን ብቻ ነው። ምን ወጥቶ እንደቀነሰ አይነግረንም። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር የሚያስፈልገው አሁን ነው፤ ክብደቱ በአብዛኛው ሕዋሳቱና ፈሳሹ ነው፣ በሽተኛውን የሚገድለው መወተፊያ ግን በፋይብሪኑ ተይዞ የቆመ ነው። ቅጠሉ ፋይብሪኑን ሳይነካ ቀይ ሕዋሳቱን ብቻ ቢያፈነዳስ? ቀይ ፈሳሽ ይወጣል፣ ሚዛኑ ይቀንሳል፣ ተማሪው ደስ ይለዋል፤ መረቡ ግን እንዳለ ነው።

ይህ ሥጋት የሩቅ አይደለም፤ በአገራችን ስሙ ከፍ ያለው ተክል ራሱ ምሳሌ ይሆነናል። እንዶድን፣ በኦሮምኛ አንዶዴን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እናቶቻችን ልብስ አጥበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ስለሆነ የታየው ነገር ትልቅ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ነው፤ አረፋ የሚያወጣውም እርሱ ነው። ሳፖኒን የሕዋስን ሽፋን ይበሳል፤ ቀይ የደም ሕዋስንም ያፈነዳል። እንግዲህ የእንዶድ ንጥር ቱቦው ውስጥ ቢጨመር ሚዛኑ ደስ የሚያሰኝ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ማንም ግን እንዶድ ለስትሮክ ይሁን አይልም። ሳፖኒን ያላቸው ቅጠሎች ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ታኒን የበዛበት ቅጠል፣ ምላስን የሚያኮማትረው ዓይነት፣ ከፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ የረጋውን ደም ሊያጠነክረው ይችላል። በዚያው ቅጠል ውስጥ ፋይብሪን የሚቆርጥ ነገር ቢኖር እንኳ በታኒኑ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ተመራማሪው «የለውም» ብሎ ይጥለዋል። እኔ እንደማምነው ዳኛ የሚሆነው ውሃም ቢሆን መለወጥ ይገባዋል፤ ንጹሕ ውሃ ጨው ስለሌለው በራሱ ቀይ ሕዋስን ያፈነዳል። በሰውነት ልክ ጨው ያለበት ፈሳሽ ይሻላል። ንጥሩ በአልኮል ተዘጋጅቶ ከሆነም ያው አልኮል ለብቻው መሞከር አለበት።

መፍትሔው አለ፣ ውድም አይደለም። ከረጋው ደም ሙከራ ጎን ለጎን ሁለት ነገር ይሠራ። በመጀመሪያ ታጥበው የተለዩ ቀይ ሕዋሳት ላይ ንጥሩ ይጨመርና ፈሳሹ ይቀላ እንደሆነ ይታይ፤ ከቀላ ሕዋስ እየፈነዳ ነው። ቀጥሎ ቀይ ሕዋስ የሌለበት የፋይብሪን ሰሌዳ ይዘጋጅ፦ በዝርግ ሳህን ላይ ፋይብሪን ብቻ ይረጋና የንጥሩ ጠብታ ይደረግበታል። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ጠርቶ ክብ ከሠራ በእርግጥ ፋይብሪን ተቆርጧል። ከዚህም አልፎ ሰሌዳውን አስቀድመን በ85 ዲግሪ ያህል ግማሽ ሰዓት ብናሞቀው በውስጡ ያለው ፕላስሚኖጅን ይጠፋል። በሞቀው ሰሌዳ ላይም ክቡ ከታየ ቅጠሉ ራሱ ቆራጭ ኢንዛይም አለው ማለት ነው፤ ካልሞቀው ላይ ብቻ ከታየ ደግሞ እንደ ስትሬፕቶኪኔዝ የሰውነትን የራሱን ፕላስሚን እየቀሰቀሰ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው። በአንድ ሰሌዳ ሙቀት ብቻ ይህን ያህል ነገር መለየቱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

የቆላችንን አንድ ተክል ላንሳ። ከመተሐራ እስከ አዋሽ በደረቁ ሜዳ ላይ ሰፋፊ ግራጫ አረንጓዴ ቅጠል ያለውና ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ቁጥቋጦ አለ፤ ጦቢያው ይሉታል። በዚህ ተክል ወተት ውስጥ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ፤ የቅርብ ዘመዱ በሆነው ተክል ወተት ላይ በሕንድ የተደረገ ጥናትም ፋይብሪንን እንደሚቆርጥ አሳይቷል። በሰሌዳው ፈተና ጦቢያው ሊያልፍ ይችላል እላለሁ። ግን ያው ወተት የልብን ሥራ የሚያውኩ መርዞች አሉበት፤ ዓይን ውስጥ ቢገባም ክፉኛ ይጎዳል። ፈተናን ማለፍና መድኃኒት መሆን በአንድ ተክል ውስጥ እንዴት እንደሚለያዩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም። በየእርሻው ያለው የፓፓያ ወተትም ፓፔይን የሚባል ቆራጭ ኢንዛይም አለው፤ ሥጋ የሚያለሰልሰው እርሱ ነው። ብንበላው ግን ኢንዛይሙ እንደማንኛውም ፕሮቲን በብዛት በሆድ ውስጥ ይፈጫል እንጂ እንዳለ ወደ ደም አይገባም።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥቤ ያደርሰኛል፦ ከቱቦ እስከ ሰው። ጥቂት ስሌት እንሥራ። በብዙ ጥናቶች ለአንድ ቱቦ የሚጨመረው 1 ሚሊ ግራም ያህል የደረቀ ንጥር ነው፤ የደሙ መጠን ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ፤ ከቱቦው 10,000 እጥፍ። ስለዚህ በቱቦው የታየውን ያህል ለማድረስ 10 ግራም ንጥር አንዳች ሳይጎድልበት ደም ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ከደረቅ ቅጠል የሚገኘው ንጥር አንድ አሥረኛ ቢሆን ይህ 100 ግራም ደረቅ ቅጠል ነው። ሻይ አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ወደዚህ መጠን አይቀርብም፤ ቢቀርብም ከጠቃሚው ጋር ያለው መርዝ አብሮ 10,000 ጊዜ ይባዛል።

ስትሬፕቶኪኔዝ ራሱ የተጓዘው መንገድ ረጅም ነበር። ዊልያም ቲሌት በባልቲሞር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ የረጋ የሰው ደም እንደሚያሟሟ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ በቱቦ ውስጥ። ድንገተኛ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሕይወት እንደሚያድን በማያጠራጥር ሁኔታ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 በጣሊያን ከ11,000 በላይ፣ በ1988 ደግሞ በብዙ አገሮች ከ17,000 በላይ ሕመምተኞች በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በሁለተኛው ጥናት ስትሬፕቶኪኔዝና አስፒሪን አብረው የተሰጣቸው ሰዎች ሞት 42 በመቶ ቀነሰ። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። ይኸው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለስትሮክ ሲሞከር ግን በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስን ስላበዛ ጥናቶቹ ሳያልቁ ቆሙ። የልብን ሰው ያዳነው መድኃኒት የአንጎልን ሰው ጎዳ። ይህን ታሪክ የማነሳው የአገራችንን ተመራማሪዎች ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የመጀመሪያዋ ቱቦ በትክክል ካልተሠራች የሚቀጥለው ዘመን ሁሉ በከንቱ እንደሚያልቅ ለማሳየት ነው።

እዚህ ያላችሁ የባህል ሕክምና አዋቂዎችም ድርሻና መብት አላችሁ። ተመራማሪ ቅጠል ሊወስድ ሲመጣ የተክሉ ናሙና ከነአበባው ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ማኖሪያ እንዲቀመጥ ጠይቁ፤ አንድ ስም ለሦስት ተክል በሚሰጥበት አገር ተክሉ የትኛው እንደነበረ የሚመሰክረው ያ ናሙና ነው። የማኅበረሰብ ዕውቀትና የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ ፈቃዳችሁ አስቀድሞ እንዲጠየቅና ከሚገኘው ጥቅም እንድትካፈሉ ይደነግጋል። ዕውቀታችሁን አትደብቁ፤ ሳትፈራረሙም አትስጡ።

አሁን ዛሬ ማታ ስለሚመለከተን ነገር። በመካከላችን የልብ ቫልቫቸው ተቀይሮ ወይም የልብ ምታቸው ተዛብቶ ዋርፋሪን የሚወስዱ ይኖራሉ። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው፤ ጎመን ደግሞ ይህ ቫይታሚን የበዛበት ነው። ጎመን ተውት አልልም፤ አንድ ሳምንት በብዛት፣ አንድ ሳምንት ምንም እንዳይሆን ግን መጠኑን አስተካክሉ። ደም ያቀጥናል የተባለ ቅጠል ከዋርፋሪን ጋር አትደርቡ፤ ከጀመራችሁም ደማችሁን ለሚለካው ባለሙያ ሳትሸሽጉ ንገሩት። ባለሙያዎችም፣ እለምናችኋለሁ፣ ይህን የሚናገረውን ሰው አትቆጡት፤ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

አፉ የተጣመመ፣ አንድ እጁ የዛለ ወይም ንግግሩ የተሳሰረ ሰው ካያችሁ ምንም ቅጠል አታጠጡት። ስትሮክ በረጋ ደም ወይም በፈሰሰ ደም ሊመጣ ይችላል፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው እንደ ሲቲ ስካን ያለ የራስ ቅል ምስል ብቻ ነው። አሟሚ መድኃኒት ለመጀመሪያው ሊጠቅም ሲችል ሁለተኛውን ሊገድል ይችላል። መዋጥ የሚያቅተው ሰው የሚጠጣው ነገር ሳንባው ውስጥም ሊገባ ይችላል። አሟሚው መድኃኒት ባለበት ሆስፒታልም ቢሆን ለስትሮክ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ከታየ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ አስቀድሞ የተሰጠው ቅጠል ካለም ስሙን፣ ከተቻለ ቅጠሉን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ጥያቄ ያላችሁ፣ አሁን እቀበላለሁ።